የአያት ቅድመ አያት መዝገብ በጃፓን አገር

ሰው ከማን እንደተወለደ ማወቅ ይፈልጋል። በእኛ አገር ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ተቀምጦ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ድሮ የርስት ሙግት ሲነሳም «የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ የልጅ ልጅ» እየተባለ ይቆጠር ነበር። ይህ ሁሉ በአብዛኛው የሚያዘው በቃል ነው። በጃፓን አገር ግን ብዙው በጽሑፍ ተይዟል። ታዲያ አንድ ጃፓናዊ ቅድመ አያቶቹን ሲፈልግ ምን ያደርጋል? የተጻፈውስ ሁሉ እውነት ነው ወይ? ዛሬ የምንማረው ይህን ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመኳንንት መዝገብ

በ815 የጃፓን ቤተ መንግሥት የ1,182 ጎሳዎችን ስምና የዘር ምንጭ አስጻፈ። ጎሳዎቹም ከነገሥታት ተወለድን የሚሉ፣ ከአማልክት ተወለድን የሚሉ፣ ከቻይናና ከኮሪያ የመጡ እየተባሉ ተለዩ። ይህ መዝገብ ለምን አስፈለገ? ብዙ ሰው የትልቅ ዘር ስም እየወሰደ ማዕረግ ይሻማ ስለነበር ነው።

በ1603 ቶኩጋዋ ኢዬያሱ የተባለ የጦር አለቃ የአገሩን ሥልጣን ያዘ። ዘሮቹም እስከ 1867 ድረስ ገዙ። መንግሥታቸው ከ1641 እስከ 1643 ባለው ጊዜ የባላባቶችንና የሳሙራዮችን የዘር ሐረግ አሰባሰበ። ሳሙራይ ማለት ጎራዴ ታጥቆ ጌታውን የሚያገለግል ወታደር ነው። በ1812 ደግሞ ከፊተኛው የሰፋ ሌላ መዝገብ ተጽፎ አለቀ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። የሐረጉን ጽሑፍ ለመንግሥት የሚያቀርበው ማነው? ራሱ ባለቤቱ ነው። ስለዚህ ክብር የፈለገ ሰው ሐረጉን ሚናሞቶ ወይም ፉጂዋራ ከሚባሉት ታላላቅ ጎሳዎች ጋር ይቀጥል ነበር። ሐረግ እየፈጠረ በገንዘብ የሚሸጥ ጸሐፊም ነበር። ኢዬያሱ ራሱ «የሚናሞቶ ዘር ነኝ» ይል ነበር። የታሪክ ተመራማሪዎች ግን ይህን አባባሉን ይጠራጠሩታል።

የገበሬው መዝገብ

ገበሬውስ? የገበሬውን ሐረግ ቤተ መንግሥት አላስጻፈም። ብዙው ገበሬ በቤተሰብ ስም በይፋ እንዲጠራ እንኳ አይፈቀድለትም ነበር። ይሁን እንጂ ስሙ በሌላ ምክንያት ተጻፈ። በ1614 መንግሥት የክርስትናን ሃይማኖት በአገሩ ሁሉ ከለከለ። ከዚያም እያንዳንዱ ቤተሰብ ክርስቲያን አለመሆኑን በቡድሃ ቤተ መቅደስ እንዲያስመሰክር ታዘዘ። በየመንደሩም የቤቱ ሰው ሁሉ በስሙና በዕድሜው ተመዘገበ። መዝገቡ የተሠራው ሕዝቡን ለመቆጣጠር ነበር። ዛሬ ግን ብዙ ሰው ገበሬ አያቱን የሚያገኘው በዚሁ መዝገብ ነው።

በ1871 አዲሱ መንግሥት ኮሴኪ የሚባል የቤተሰብ መዝገብ እንዲዘጋጅ ደነገገ። ምዝገባው የተካሄደው በ1872 ነው። በ1875 ደግሞ ሁሉም ሰው የቤተሰብ ስም እንዲይዝ ታዘዘ።

ፍለጋው እንዴት ይካሄዳል?

1ኛ. ፈላጊው ከሁሉ አስቀድሞ የቤቱን ሽማግሌዎች ይጠይቃል። በመቃብር ድንጋይ ላይ ያለውንም ጽሑፍ ያነባል።

2ኛ. ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ የወላጆቹን ኮሴኪ ያወጣል። በዚያ ላይ የአያቶቹ ስም ይገኛል። በአያቶቹ ስም ደግሞ የቅድመ አያቶቹን ይጠይቃል። እንዲህ እያለ እስከ 1886 መዝገብ ድረስ ሊደርስ ይችላል።

3ኛ. ከዚያ ወደ ኋላ ለማለፍ ወደ ቤተ መቅደስ ይሄዳል። በዚያ ካኮቾ የሚባል የሙታን መዝገብ አለ። የሞተው ሰው ስምና የሞተበት ቀን ተጽፎበታል።

4ኛ. በመጨረሻ ያገኘውን ከጎሳ የዘር ሐረግ ጋር ያስተያያል።

አካሄዱ ከቅርብ ወደ ሩቅ ነው። ከታላቅ ሰው ስም ተነስቶ ወደ ራሱ የሚወርድ ሰው መንገዱን ይስታል።

ፊደል ማወቅም ይጠቅማል። በ1908 ጃፓናውያን በመርከብ ወደ ብራዚል መሰደድ ጀመሩ። ከልጅ ልጆቻቸው ብዙዎቹ የአያታቸውን ስም ሲጠራ ያውቁታል፤ በጃፓን ጽሕፈት ግን አያውቁትም። በጃፓን ጽሕፈት አንድ ዓይነት የሚጠራ ስም በተለያዩ ምልክቶች ይጻፋል። ምልክቱን ያላወቀ ሰው የሌላ ሰው አያት ይዞ ሊመለስ ይችላል እኮ!

መዝገብ ሲጎዳ

በጃፓን ከብት የሚያርዱና ቆዳ የሚያለፉ ሰዎች «ርኩስ ዘር» እየተባሉ ይናቁ ነበር። በ1871 ከሌላው ሕዝብ ጋር እኩል መሆናቸው ታወጀ። ነገር ግን በ1872ቱ መዝገብ በአንዳንድ ቦታ ከስማቸው ጋር የድሮው መለያ ተጻፈባቸው። ከዚያ በኋላ ልጁን የሚድርም ሠራተኛ የሚቀጥርም መዝገቡን እያየ ይለያቸው ጀመር። በደሉ ለልጅ ልጅ ተላለፈ። እነሱም ተደራጅተው ታገሉ። በ1968 መንግሥት ያንን መዝገብ ማንም እንዳያየው ዘጋው። በ1975 ግን መንደሮቻቸው የተዘረዘሩበት መጽሐፍ በድብቅ ለኩባንያዎች ሲሸጥ ተደረሰበት። ከ2008 ጀምሮ የሌላውን ሰው ኮሴኪ ያለ በቂ ምክንያት ማውጣት በሕግ ተከልክሏል።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ነው እንዴ? በእኛም አገር ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ በሥራቸው ሲሰደቡ ኖረዋል። ማረሻውን የሚቀጠቅጥልን ማነው? ጋቢውንስ የሚሠራልን ማነው? እንስራውና ምጣዱስ ከማን እጅ ወጣ?

እንግዲህ ዘርን መቁጠር በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። አያቱን የሚያውቅ ሰው ከየት እንደመጣ ያውቃል። ሌላውን ለመናቅ ሲሆን ግን ጥፋት ነው። ማንበብ የቻለ ሰው «ይህን ማን ጻፈው? ለምንስ ጻፈው?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። እናንተም አሁን ፊደል ቆጥራችኋል። ሽማግሌዎቻችሁ ሳያልፉ የሚያውቁትን ጠይቁና ጻፉ። የባለእጁንም የአራሹንም ስም በእኩል ጻፉ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የመኳንንቱን የዘር ሐረግ ሁሉ ማመን የማይቻለው ለምንድን ነው?
2. የጃፓን ገበሬዎች ስም የተመዘገበው በምን ምክንያት ነው?
3. መዝገብ ሰውን የሚጠቅመው መቼ ነው? የሚጎዳውስ መቼ ነው?
4. የአያታችሁን አባት ስም ታውቃላችሁ? የአያታችሁን እናት ስምስ? የምታውቁትን በደብተራችሁ ጻፉ።