ለስላሳው የፕላስቲክ ዓሣ ማባበያና ፊዚክሱ

እ.ኤ.አ. በ1949 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት፣ በአክሮን ከተማ ኒክ ክሬም የተባለ ሰው ትል የሚመስል የዓሣ ማባበያ ከቪኒል ሠራ። ዛሬም ብዙዎቹ ማባበያዎች የሚሠሩት ፕላስቲክን ከሚያለሰልስ ዘይት ጋር በማዋሐድ ነው።

የማባበያው እፍግታ ለውኃ እፍግታ ስለሚቀርብ ብቻውን ቶሎ አይሰምጥም፤ ወደ ታች የሚስበው በመንጠቆው ራስ ላይ ያለው የእርሳስ ብረት ነው። ስለዚህ ጀማሪ ከቀለም በፊት ክብደትን ይምረጥ። የውኃው ተቃውሞ ከፍጥነት ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ፣ የመስመጥን ፍጥነት በእጥፍ ለመጨመር ክብደቱ አራት እጥፍ ገደማ መሆን አለበት። ቀላል እርሳስ በዝግታ ስለሚወርድ ለዓሣው ጊዜ ይሰጠዋል፤ ጥልቅ ወይም ፈጣን ውኃ ግን ከባዱን ይጠይቃል።

መንጠቆው በማባበያው መሐል ቀጥ ብሎ ይግባ፤ ከተጣመመ ማባበያው እየተሽከረከረ ክሩን ይጠመዝዛል። በትክክል ከገባ ግን ክሩ በዝግታ ሲሳብ ሰፊው ጅራት ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ዓሣው ይህን የውኃ እንቅስቃሴ፣ በደፈረሰ ውኃ ውስጥም ቢሆን፣ «የጎን መስመር» በተባለው የስሜት አካሉ ይለየዋል።

በመጨረሻም፣ እርሳስ መርዛማ ስለሆነ ከነኩት በኋላ እጅን መታጠብ ያስፈልጋል። ፕላስቲኩም በቀላሉ አይበሰብስም፤ ዓሣ ቢውጠው በሆዱ ሊቀር ይችላል። አጥማጁ የተቀደደውን ማባበያ ሁሉ ለቅሞ ይዞ ሊመለስ ይገባዋል።