ርዕሰ መምህሩና የሳይንስ ዘዴ

የሳይንስ ተማሪ አስቀድሞ የሚማረው መመልከትን፣ መለካትንና መፈተንን ነው። ይህ ዘዴ ግን በቤተ ሙከራ ብቻ ተወስኖ የሚቀር አይደለም፤ ትምህርት ቤትን ለመምራትም ያገለግላል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የርዕሳነ መምህራን ሥልጠና ከሳይንስ ዘዴ ጋር ያለውን ግንኙነት የጋይንትን፣ የስማዳንና የእስቴን አካባቢ ምሳሌ አድርገን እንመለከታለን።

ሥልጠናው ለምን አስፈለገ?

ጥሩ የፊዚክስ መምህር መሆን ብቻውን በጀት መያዝን፣ መምህራንን መደገፍንና ከወላጆች ጋር መመካከርን አያስተምርም። ስለዚህም በ2001 ዓ.ም. ሥራ ላይ መዋል የጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማረጋገጫ ፓኬጅ ከመምህራን ልማት ጎን ለጎን የትምህርት አመራርን ማሻሻልንም ይዞ ተነሣ። ዩኒቨርሲቲዎችም ለርዕሳነ መምህራን የትምህርት ቤት አመራር የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ በክረምት ሲሰጡ ቆይተዋል። የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማዕቀፉ ደግሞ መምህራንም ሆኑ ርዕሳነ መምህራን በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ለሙያቸው ዕድገት እንዲያውሉ ይጠይቃል። ይህም አራት ደረጃዎች አሉት፦ ትንተና፣ ዕቅድ፣ ትግበራና ግምገማ። ደረጃዎቹ ከሳይንሳዊ ምርምር ደረጃዎች ጋር እጅግ ይቀራረባሉ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ

60 ተማሪዎች ያሉትን አንድ ክፍል እናስብ። ርዕሰ መምህሩ የስም ጥሪ መዝገቡን ሲመረምር በአዘቦት ቀን በአማካይ 54፣ ሳምንታዊው ገበያ በሚውልበት የትምህርት ቀን ግን 42 ተማሪዎች ይገኛሉ እንበል። ቀሪዎቹ በአዘቦት 10 በመቶ፣ በገበያ ቀን 30 በመቶ መሆናቸው ነው። ዘወትር በገበያ ቀን የሚቀር ልጅ ከአምስቱ የትምህርት ቀናት አንዱን ያጣል። ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በዚሁ ከቀጠለ የሚያጣው ጊዜ ሲደመር ከአንድ ዓመት ተኩል ይበልጣል።

ምክንያቱስ ምንድን ነው? ወላጆች ገበያ ሲሄዱ ልጆች ከብት ስለሚጠብቁ ይሆን? ይህ ገና መላምት ነው። ርዕሰ መምህሩ ከወላጆች ጋር ተመካክሮ ጎረቤታሞች ከብቱን በየተራ የሚያስጠብቁበትን መንገድ ቢያመቻችና የተገኙት ተማሪዎች ቁጥር 48 ቢደርስ፣ ውጤቱ የዕቅዱ ነው ብሎ መደምደም ይችላልን? አይችልም። የአዝመራው ሥራ በመጠናቀቁም ሊሆን ይችላልና።

የጉድኝት ትምህርት ቤቶች ጠቀሜታ

መልሱ ከጎረቤት ትምህርት ቤት ይገኛል። በአንድ የጉድኝት ማዕከል ሥር የተሰባሰቡ ትምህርት ቤቶች ገበያቸውና አዝመራቸው ይቀራረባል። ዕቅዱ ባልተሞከረበት ትምህርት ቤት ቁጥሩ ባለበት ከቆየ መላምቱ ይጠነክራል፤ እዚያም እኩል ከጨመረ ሌላ ምክንያት መፈለግ ይገባል።

ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ግርጌ እስከ በሽሎ ሸለቆ በተዘረጋው በዚህ ገደላማ አገር አንድ ርዕሰ መምህር ከክረምት ሥልጠና ሲመለስ ብቻውን የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። የጉድኝቱ ስብሰባ ከሪፖርት መለዋወጫነት አልፎ እንዲህ ያለ ንጽጽር የሚደረግበት ቢሆን የክረምቱ ትምህርት ፍሬ ያፈራል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ አንሥቶ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶችን አዘግቷል፣ መገናኘትንም አዳጋች አድርጓል። በመሆኑም በየትምህርት ቤቱ በጥንቃቄ የተያዘ መዝገብ፣ ትምህርት በቀጠለበት ሁሉ ማን እንደቀረና ለምን እንደቀረ ለማወቅ መነሻ ይሆናል።

መልመጃ

1. በምሳሌው ውስጥ ከተጠቀሰው ሌላ ለተማሪዎች መቅረት ምክንያት ሊሆን የሚችል አንድ መላምት ስጡ። በምን ትፈትኑታላችሁ?
2. የራሳችሁን ክፍል የአንድ ወር የስም ጥሪ በየዕለቱ መዝግቡና የቀሪዎችን መቶኛ አስሉ።