ከጠፈር ይልቅ የሚቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ

ከከዋክብት በራቀው ጠፈር ያለው የሙቀት መጠን 2.7 ኬልቪን፣ ማለትም ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ታዲያ ወደዚያ ለሚላክ ሳተላይት ማቀዝቀዣ ምን ያደርግለታል?

አንደኛ፣ ሳተላይቱን ፀሐይ፣ ምድርና የራሱ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች ያሞቁታል። ሁለተኛ፣ አንዳንድ መሣሪያዎች ከጠፈር ራሱ የበለጠ ቅዝቃዜ ይሻሉ። ጃፓን ከአሜሪካ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2023 ያመጠቀችው ኤክስሪዝም ሳተላይት የኤክስሬይን ኃይል የሚለካው በሚፈጥረው ሙቀት ነው። አንድ የኤክስሬይ ፎቶን የመሣሪያውን ሙቀት የሚጨምረው በጥቂት ሺኛ ዲግሪ ብቻ ስለሆነ፣ ለውጡ የሚታወቀው መሣሪያው በ0.05 ኬልቪን ሲቆይ ነው።

ወደዚህ ቅዝቃዜ የሚደረሰው በደረጃ ነው። መጀመሪያ ሜካኒካል ማቀዝቀዣዎች ሙቀቱን ወደ 4 ኬልቪን ገደማ ያወርዳሉ። ቀጥሎ ፈሳሽ ሂሊየም ወደ ጠፈር እየተነነ ከ2 ኬልቪን በታች ያደርሳል፤ የሸክላ እንስራ ውኃን የሚያቀዘቅዘውም በዚሁ የትነት ሕግ ነው።

የመጨረሻው ደረጃ የማግኔት ነው። ለዚህ በተመረጠ ጨው ላይ ኃይለኛ መግነጢሳዊ መስክ ሲያርፍ፣ በውስጡ ያሉት እጅግ ጥቃቅን ማግኔቶች በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ፤ ሙቀትም ያወጣሉ። ይህ ሙቀት ወደ ሂሊየሙ ከተሻገረ በኋላ በሁለቱ መካከል ያለው የሙቀት መተላለፊያ ይቋረጣል። ከዚያም መስኩ ቀስ በቀስ ሲቀነስ ሰልፉ ይፈርሳል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ሙቀት ከጨው ራሱ ስለሚወሰድ ጨው ይቀዘቅዛል። ዘዴው የምድር ስበትን ስለማይፈልግ ለጠፈር ተስማሚ ነው። ሐሳቡን ፒተር ደባይና ዊልያም ጂዮክ በ1920ዎቹ በየግላቸው አቅርበውታል።

ሆኖም መንገዱ ቀላል አልነበረም። በሐምሌ ወር 2005 የመጠቀችው ሱዛኩ ሳተላይት መሣሪያዋን 0.06 ኬልቪን ካደረሰች በኋላ፣ ምርምሩ ሳይጀመር በነሐሴ ፈሳሽ ሂሊየሟ በሙሉ ተንኖ አለቀ። በየካቲት 2016 የተላከችው ሂቶሚ ማቀዝቀዣዋ በሚገባ ቢሠራም፣ የአቅጣጫ መቆጣጠሪያዋ በመሳቱ በመጋቢት ተሰባበረች። ቢሆንም በዚያች አጭር ጊዜ የፐርሴዩስ ጋላክሲዎች ክምችት ጋዝ ከተጠበቀው በላይ የረጋ መሆኑን አሳይታለች።

መሐንዲሶቹ ከሱዛኩ ጉዳት ተምረዋል። በሂቶሚም ሆነ በኤክስሪዝም ላይ የተተከለው ማቀዝቀዣ ሂሊየሙ ቢያልቅም በሜካኒካል ማቀዝቀዣዎቹ እየታገዘ ሥራውን እንዲቀጥል ተደርጎ የተሠራ ነው። ጠጋኝ ሊደርስበት በማይችል ስፍራ አንድ መሣሪያ ሲያጎድል ሌላው ሊተካው ይገባልና።