ያን ረጅሙን መልሰው

ቆይ ማሙዬ፣ እሱን መልሰው። ማማሩስ ያምራል፤ ግን እጀታው ላይ የተቀረጸውን አንብብ እስቲ፦ ከ40 እስከ 200 ኒውተን ሜትር። የመኪና ጎማ ብሎን ማሰሪያ ነው። ያንተ ሳይክል መሪ ብሎኖች የሚፈልጉት 5 ነው፣ አምስት ብቻ! ይሄ ቶርክ ሬንች ከ40 በታች ያለውን አያውቅም። «ጠቅ» እስኪል ልጠብቅ ብለህ ስትጎትት ወይ ብሎኑ ይበጠሳል፣ ወይ ጥርሱ ይበላል።

ስትመርጥ ከመሣሪያው አትነሣ፣ ከብሎኑ ተነሣ። ሳይክልህ ላይ መሪው የሚታሰርበትን ቦታ ተጠግተህ እየው፤ በደቃቅ ጽሕፈት ቁጥር ተጽፎበታል። አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ነው። የኮርቻው ምሰሶ ማሰሪያም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሺማኖ ክራንክህ ግራ እግሩ ላይ ሁለት ትንንሽ ብሎኖች ያሉት ዓይነት ከሆነ እነሱ ከ12 እስከ 14 ይፈልጋሉ። እንግዲህ የሚያስፈልግህ ከ2 ወይም ከ3 ጀምሮ 15 ወይም 20 አካባቢ የሚያበቃ፣ ባለ 1/4 ኢንች አፉ ትንሹ ነው። ፔዳልና የኋላ ጥርሶች 40 አካባቢ ይጠይቃሉ። እነሱ ጠንካሮች ናቸው፤ ለጊዜው ረጅም እጀታ ባለው ተራ መፍቻ ጥብቅ አድርገህ እሰራቸው፣ ይታገሱሃል። ትልቁን ሌላ ጊዜ ትገዛለህ።

ከ5 እስከ 25 የሚለውንም አየሁልህ፤ እሱም ይቅር። «ጠቅ» የሚሉት በውስጣቸው ስፕሪንግ ነው ያላቸው፤ ከከፍተኛ ቁጥራቸው አንድ አምስተኛ አካባቢና ከዚያ በታች ሲሆን ቃላቸው አይታመንም። አንተ ደግሞ ዘወትር የምትሠራው 5 ላይ ነው፣ ማለትም እሱ በሚደክምበት ጫፍ። ከ3 እስከ 15 በሚለው ላይ ግን 5 ደህና ቦታ ላይ ይወድቃል።

እዚያ ጥግ ያለውን ባለ ቀስቱን አትናቀው። ስፕሪንግ የለውም፣ የሚላላ ነገር የለውም። ስታጠብቅ ዘንጉ ጎበጥ ይላል፣ ቀስቱ ቁጥሩን ያሳይሃል። ወድቆ ቀስቱ ከዜሮ ቢርቅ በእጅህ ገፋ አድርገህ ትመልሰዋለህ። ችግሩ ቁጥሩን ከፊት ለፊት ቀጥ ብለህ ማየት አለብህ፤ ጠባብ ቦታ ላይ አንገትህን ያስጠመዝዝሃል። ቢሆንም ከርካሽ «ጠቅ» ባይ እኔ እሱን እመርጥልሃለሁ።

«ጠቅ» ባዩን ካልክ ደግሞ አንድ ነገር በደንብ ስማኝ። 5 ላይ ሲሆን ድምፁ ትንሽ ነው። ብዙ ሰው መኪና ላይ የሰማውን ዓይነት ትልቅ ድምፅ ሲጠብቅ ያልፈዋል፣ መጎተቱንም ይቀጥላል። ስለዚህ ከጆሮህ ይልቅ መዳፍህን እመን፤ እጀታው ሸርተት ሲልብህ ይሰማሃል። በዝግታ ጎትት፣ እጅህ መያዣው መሐል ላይ ይሁን፣ አንዴ ካለ በቃ። «ላረጋግጥ» ብለህ ደጋግመህ አታስጮኸው።

ይህን ሁሉ የምጨቀጭቅህ መሪህ ካርቦን ስለሆነ ነው። ብረት ሲጎዳ ይጣመማል፣ ታየዋለህ። ካርቦን ግን ውስጥ ለውስጥ ይሰነጠቅና ዝም ይላል፤ ከዚያ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዝ ይበጠሳል። ፊትህ ነው፣ ጥርስህ ነው የሚሄደው። መሪውና የያዘው ክፍል የተለያየ ቁጥር ካላቸው ትንሹን ተከተል። አራቱን ብሎኖች በመስቀል እያፈራረቅህ፣ ትንሽ ትንሽ እያልክ እሰር፤ በላይና በታች ያለው ክፍተት እኩል ይሁን፣ አምራቹ ሌላ ካላዘዘ በቀር። ካርቦኑ በሚያዝበት ቦታ ላይ ግራሶ አታድርግ፤ ለካርቦን የተሠራ አሸዋማ ቅባት አለ፣ እሱ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል፣ በኃይል ከማጥበቅም ያድንሃል።

ገንዘቡ ዛሬ ካልሞላልህ ግን በግምት አትሰር። የሻንጣ መመዘኛውን ሚዛን ውሰድ። አለን ኪውን ብሎኑ ውስጥ ክተት፣ ከብሎኑ መሐል 10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሚዛኑን አንጠልጥል፣ ከቁልፉ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርተህ 5 ኪሎ እስኪያሳይ ሳብ። ወደ 5 ኒውተን ሜትር የሚጠጋ ነው። መሣሪያው እስኪገዛ ያሻግርሃል፤ እጅህም 5 ምን ያህል ትንሽ ኃይል እንደሆነ ይለምደዋል።

ገንዘቡ ከሞላልህ አሁን ባለሱቁን የትንሹን «ጠቅ» ባይ ሳጥን ክፈትልን በለው። ውስጡ የመሣሪያው መለያ ቁጥር ያለበት የልኬት ወረቀት ካለ፣ አይሶ 6789 የሚልም ካለበት፣ ትንሽ ጨምረህም ቢሆን እሱን ውሰድ። ከመክፈልህ በፊት 5 ላይ አድርገህ ሞርሳ ላይ በታሰረ ብሎን ሦስት ጊዜ ሞክረው፤ ሦስቱም ጊዜ እኩል ጉልበት ላይ ነው ወይ ሸርተት የሚለው? አንዱ ከሌላው ከተለየ ሌላ አውጣልን በለው። ባለ 4 እና ባለ 5 ሚሊ ሜትር አለን ቡሶላ፣ ለፍሬኑ ዲስክ ደግሞ ባለ ኮከቡን ቲ25 ጨምር፤ አፋቸው 1/4 መሆኑን እይ። ቤት ስትገባ ቶርክ ሬንቹን የዛገ ብሎን መፍቻ አታድርገው፣ ሠርተህ ስትጨርስም ወደ መጨረሻው ዝቅተኛ ቁጥር መልሰህ አስቀምጠው፤ ከዚያ ቁጥር በታች ግን አታላላው።