የጀማሪ ጠጅ ስለ ምን ይበላሻል?

ጠጅ መጣል የጀመረ ሰው የመጀመሪያው ጋን ካልሰመረለት የሚሰማው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «እጅህ አይሆንም» ይባላል። ሴት ልጅ የሆነች እንደ ሆነ ፍርዱ ይከብዳል፤ ሙያ የላትም ተብላ ስሟ በየቡናው ይነሣል። ወንድ ከሆነ ደግሞ ይሣቅበታል፤ ጓዳ ምን አገባው ይባላል። ጋኑን ክፉ ዐይን አይቶት ይሆናል የሚሉም አይታጡም። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምንለው ሌላ ነው። የተበላሸ ጠጅ የተበላሸበትን ምክንያት ራሱ ይናገራል፤ በአፍ፣ በአፍንጫና በዐይን ሊመረመር ይችላል። ነገሩ ቀላል ጨዋታ እንዳይመስላችሁ፤ በኪራይ ቤት አራትና አምስት ሆነን ለበዓል ገንዘብ አዋጥተን ማር ለምንገዛ ተማሪዎች አንድ ጋን መድፋት የወሩን ምሳ መድፋት ነው። ከሁለት ድፊያ በኋላ አብዛኛው ሰው ሙያውን ትቶ ወደ ጠጅ ቤት ይመለሳል።

በመጀመሪያ በጋኑ ውስጥ የሚሆነውን እንመልከት። የበሰለ ማር ውስጥ ያለው ውኃ ከመቶ 20 እጅ የማይሞላ ስለ ሆነ በዚያ ውስጥ እርሾ ሊሠራ አይችልም፤ ማር ለዓመታት ተቀምጦ የማይበላሸውም ስለዚህ ነው። ውኃ ሲጨመርበት ግን ብርዝ ይሆናል። ያን ጊዜ ከማሩ፣ ከጌሾውና ከጋኑ ግድግዳ የመጣው እርሾ ይነቃና ስኳሩን እየበላ በክብደት ግማሽ ያህሉን ወደ አልኮል፣ ግማሽ ያህሉን ወደ ጋዝ ይለውጠዋል። አረፋው ይኸው ጋዝ ነው። (የቋንቋ ተማሪዎች በመሆናችን አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም፤ አማርኛ በእሳት ላይ ያለውንም ውኃ፣ በጋን ውስጥ ያለውንም ብርዝ «ፈላ» ይላል። ላቲንም የእርሾን ስም ያወጣው በእሳት ከመፍላት ነው።) ከእርሾው ጋር ግን ያልተጠሩ እንግዶችም ይገባሉ። የጠጁ ዕድል የሚወሰነው ከእርሾውና ከእንግዶቹ ማን ቀድሞ ማዕዱን እንደ ያዘ ነው።

ይህን በግልጽ ካሳዩት ሰዎች ዋናው ሉዊ ፓስተር ነው። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1856 ዓ.ም. ፓስተር በሰሜን ፈረንሳይ በሊል ከተማ ሲያስተምር፣ ከተማሪዎቹ የአንዱ አባት የሆነው ቢጎ የሚባል ባለፋብሪካ አልኮል የሚያወጣባቸው በርሜሎች እየሆመጠጡ አስቸገሩት። ፓስተር ከደኅናውና ከተበላሸው በርሜል ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ ቢመለከት፣ በደኅናው ክብ ክብ የእርሾ ፍሬዎች፣ በተበላሸው ግን ከእነዚያ እጅግ ያነሱ ዘንግ መሰል ፍጥረታት አገኘ። ለቢጎ «እጅህ አይሆንም» አላለውም፤ በርሜሉን አየለት። እኛ ማይክሮስኮፕ ባይኖረንም ምላስና አፍንጫ አለን።

እንግዲህ ወደ ጋኑ እንመለስ። ሦስት ቀን ሆኖት አረፋ የማያወጣ ብርዝ ያጋጠመው ጀማሪ በመጀመሪያ ብርዱን ይጠርጥር። እርሾ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት ደኅና ይሠራል፤ የአዲስ አበባ ሌሊት ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። በሲሚንቶ ወለል ላይ የተቀመጠ ጋን ሌሊቱን ሁሉ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ጋኑን ከወለሉ ከፍ ማድረግና በብርድ ልብስ መጠቅለል ግማሹን መድኃኒት ያህላል። በሞቃት ወቅት ስምንት ቀን የሚበቃው ጠጅ በብርድ ወቅት ከ15 እስከ 20 ቀን ሊፈልግ ይችላል፤ የዘገየውን እንደ ሞተ ቈጥሮ መድፋት ትልቅ ኪሳራ ነው። ሁለተኛው ጥርጣሬ ውኃው ነው። ከቧንቧ በቀጥታ የተቀዳ ውኃ ክሎሪኑ ያየለበት እንደ ሆነ እርሾውን ያዳክመዋል፤ አፍልቶ ማቀዝቀዝ ይሻላል። ብርዙን ራሱን ያፈላ ሰው ግን እርሾውንም አብሮ ገድሎታል፤ ሲቀዘቅዝ ጌሾ ወይም ከደኅና ጠጅ የተረፈ አምቡላ ካልጨመረበት የሚጠብቀው ነገር የለም።

ከሁሉ የሚበዛው አቤቱታ «ሆመጠጠብን» የሚለው ነው። ሆምጣጤው ግን ሁለት ዓይነት ስለ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው እንደ እርጎ ለስለስ ያለ፣ ምላስን የሚነካ፣ አፍንጫን ግን የማይወጋ ነው። ይህ ፓስተር ያያቸው የዘንግ መሰሎቹ ሥራ ነው፤ በጥቂቱ ለጠጁ ጣዕም ይሰጣል፤ ሲበዛ ግን እርሾው ዘግይቶ እንደ ጀመረ ወይም ዕቃው በደንብ እንዳልታጠበ ያመለክታል። ሁለተኛው ጽዋውን ወደ አፍ ሳያደርሱት አፍንጫን የሚወጋው ነው። ይህ ኮምጣጤ ነው። ኮምጣጤ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች አልኮልን የሚለውጡት አየር ሲያገኙ ብቻ ነው፤ አየር ከሌለ ሥራ ፈት ናቸው። እንግዲህ አፍንጫ የሚወጋ ጠጅ ያገኘ ሰው ስለ ማሩ ሳይሆን ስለ ክዳኑ ይጠይቅ።

እዚህ ላይ ጀማሪውን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብርዙን በየቀኑ ማማሰል መልካም ነው፤ እርሾው ለመራባት አየር ይፈልጋል፤ የሚወጣውም ጋዝ ኮምጣጤውን ይከላከላል። መፍላቱ ሲያበቃ ግን ይህ ከለላ ይጠፋል። ያን ጊዜ በየማታው ከፍቶ ማማሰል፣ መቅመስና ለጎረቤት ማስቀመስ ለኮምጣጤው በር መክፈት ነው። በሦስተኛው ቀን የረዳችው ማማሰያ በ15ኛው ቀን ታጠፋለች። ጋኑም ግማሽ ጎደሎ ሆኖ ከተቀመጠ በላዩ ያለው አየር ይበቃዋል፤ ስለዚህ የበሰለውን አጥልሎ እስከ አንገት ወደሚሞላ አነስተኛ ዕቃ መገልበጥ ነው። ነገር ግን ገና እየፈላ ያለውን ጠጅ በጀሪካን አስገብቶ ክዳኑን ጥርቅም ማድረግ አደገኛ ነው፤ ጋዙ መውጫ ሲያጣ ጀሪካኑን ያሳብጠዋል፤ ሊፈነዳም ይችላል። ክዳኑን ላላ አድርጎ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን ይበቃል።

እናቶቻችን ጋኑን በግራዋ ፈትገው በወይራ ጭስ ማጠናቸው ለሽታ ብቻ አይደለም። ሸክላ ቀዳዳ የበዛበት ስለ ሆነ የአምናውን ሆምጣጤ በሆዱ ይዞ ይቈያል፤ መፈተጉና ጭሱ ይቀንሱታል። ፕላስቲክ አይታጠንም፤ በሽቦ ከተፈተገም ጭረቱ የባክቴሪያ መደበቂያ ይሆናል። በለስላሳ ጨርቅ፣ በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥቦ በደንብ ይለቅለቅ። ዘይት ወይም ናፍጣ የነበረበት ጀሪካን ግን ምንም ቢታጠብ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

«ቀጠነብን፤ ጣዕም አጣ» የሚሉ ደግሞ ሒሳባቸውን ይመርምሩ። ባለሙያዎች «አንድ ለሦስት» ወይም «አንድ ለአምስት» ሲሉ የሚሰፍሩት በጣሳ ነው፤ ሱቅ ግን ማር የሚሸጠው በኪሎ ነው። አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሦስት ኪሎ ማር ገዝቶ ዘጠኝ ሊትር ውኃ የጨመረ ጀማሪ አንድ ለሦስት ያደረገ ይመስለዋል፤ ማሩ ግን በስፍር ሁለት ሊትር ከጥቂት ብቻ ስለ ሆነ በእውነት የጣለው ከአንድ ለአራት የቀጠነ ነው። ጣፋጭና ወፍራም ጠጅ ጠብቆ ደረቅና ቀጭን ያገኛል። በተቃራኒው ብርዙ እጅግ ከወፈረ እርሾው መነሣት ያቅተዋል፤ ቢነሣም ስኳሩን ሳይጨርስ ይደክማል። ጠጁ ደኅና ሆኖ ሳለ ገና ጣፋጭ የሚሆነውም ብዙ ጊዜ ቀድሞ ስለ ተቀዳ ነው፤ ይህን ጥቂት ቀን ይፈውሰዋል።

መራራነት የጌሾ ነገር ነው፦ ወይ በዝቷል፣ ወይ ከቀኑ በላይ ተቀምጧል፣ ወይም ለጠጅ እንጨቱ በሚገባበት ቦታ ቅጠሉ ገብቷል። የበሰበሰ ዕንቁላል የሚመስል ሽታ እርሾው እንደ ተራበ ይናገራል፤ ማር ለእርሾ ከስኳር በቀር ብዙ ምግብ የለውም። ብዙውን ጊዜ በጊዜው ይጠፋልና አትደንግጡ። ጠጁ ደፍረስ ማለቱን ግን እኛ እንደ ጉድለት አንቈጥረውም፤ በብርሌ ውስጥ ወርቅ የመሰለ ጠጅ የሚፈልግ ይታገሥ።

ሌላው ጉዳይ የምርመራው መንገድ ነው። ጀማሪ አንዱ ጋን ሲበላሽበት በሚቀጥለው ማሩንም፣ ጌሾውንም፣ ዕቃውንም፣ ቦታውንም አንድ ላይ ይለውጣል፤ ቢሰምርለት እንኳ በምን እንደ ሰመረ አያውቅም። ብርዙን በሁለት ማሰሮ ከፍሎ በአንዱ ላይ አንድ ነገር ብቻ መለወጥና ቀኑን በደብተር መጻፍ ከዚህ ይሻላል። ጥያቄም እንዲሁ ነው። ባለሙያ እናትን «ጠጅ እንዴት ይጣላል?» ብትሏቸው «እንደ ልኩ አድርጎ ነዋ!» ይላሉ፤ ልኩን የሚያውቁት በእጃቸው ነውና። «እትዬ፣ ጌሾውን በስንተኛው ቀን አወጡት? ያን ዕለት አረፋው ምን ይመስል ነበር? ጋኑ የት ተቀምጦ ነበር?» ብትሉ ግን በአንድ ሲኒ ቡና ላይ የሚነግሯችሁ መጽሐፍ ይወጣዋል። ይህን ዕውቀት ስንኳ በላቦራቶሪ፣ በጓዳም ቢሆን ጽፎ የሚይዝለት ሰው ጥቂት ነው፤ እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ለሌላው ጽሑፍ የምናባክነውን ወረቀት ያህል እንኳ አልተሰጠውም።

ኮምጣጤ የሆነውን ጠጅ ወደ ጠጅነት የሚመልስ ነገር የለም፤ ማር መጨመር ለአንድ ማታ ሸፍኖ በማግስቱ የባሰ ሆምጣጤ ያስገኛል። አጥልላችሁ በጠርሙስ ያዙት፤ ለሰላጣ ይሆናል። ከእርሱ የተረፈውን አምቡላ ግን ለሚቀጥለው ጋን እርሾ እንዲሆን አታስቀምጡት፤ ደኅና ጠጅ ከሚጥል ጎረቤት አንድ ኩባያ መለመን ይሻላል።