የማያመው እግር

በዛሬው ዓምዳችን ስለ እግር መደንዘዝና ማቃጠል እንነጋገራለን። ሌሊት እግራቸውን እንደ እሳት የሚለበልባቸው ወይም ጉንዳን የሚሄድበት የሚመስላቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ይህ ብዙውን ጊዜ የነርቭ ጉዳት ምልክት ነው። ረጃጅሞቹ ነርቮች ቀድመው ስለሚጎዱ ሕመሙ ከእግር ጣቶች ይጀምርና ቆይቶ ወደ እጅ ይሻገራል።

ዋነኛው መንስኤ የስኳር በሽታ ሲሆን ከሕሙማኑ ግማሽ ያህሉ ውሎ አድሮ ያገኛቸዋል። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የኩላሊት በሽታ፣ ኤች አይ ቪ፣ የሥጋ ደዌና አንዳንድ መድኃኒቶችም ያመጡታል።

የሚያቃጥል እግር ሰውን ወደ ሐኪም ይወስደዋል። አስቸጋሪው ማቃጠሉ ቆሞ መደንዘዝ ሲተካ ነው። ሕመምተኛው «አልሐምዱሊላህ ተሻለኝ» ይላል። ነገር ግን እግሩ ምስማር ቢወጋው ወይም ጫማው ውስጥ ጠጠር ቢገባ አይሰማውም። ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ከዚያም እግር እስከ መቆረጥ የሚደርስበት ጊዜ አለ።

ቫይታሚን ከመግዛትዎ በፊት

ብዙዎች እግራቸው ሲደነዝዝ ቀድመው የሚሮጡት ወደ መድኃኒት ቤት ነው። ይሁንና ቫይታሚን የሚጠቅመው የጎደለውን ሲተካ ነው። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት ለዓመታት የሚወስዱ ሰዎች የቢ12 መጠናቸው ሊያንስ ስለሚችል የደም ምርመራ ይጠይቁ። መድኃኒቱን ግን በራስዎ አያቋርጡ። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከጉበት፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ለሌላ ብዙ ነገር ይጠቅማሉ፤ ቢ12 ግን የላቸውም።

ቢ6 የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኢሶኒያዚድ የተባለውን የቲቢ መድኃኒት ለሚወስዱ ሐኪም በልኩ ያዝዘዋል፤ ነርቭን ይጠብቅላቸዋል። ሲበዛ ግን ራሱ ነርቭን ይጎዳል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2023 ለአዋቂ ሰው የቀን ጣሪያው 12 ሚሊግራም እንዲሆን ወስኗል። ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12ን አንድ ላይ ከያዙ እንክብሎች መካከል ቢ6ን ብቻ 200 ሚሊግራም የያዙ አሉ። እነዚህን ያለ ሐኪም ምክር ለወራት መዋጥ ለማዳን የታሰበውን ነርቭ መጉዳት ይሆናል።

ማሸትና ሙቀት

እግርን በወይራ ዘይት በቀስታ ማሸት ለብዙዎች እፎይታ ይሰጣል፤ እንቅልፍም ያመጣል። የተጎዳውን ነርቭ ግን አይመልስም። ዘይቱን በጣቶች መካከል አይተዉት፤ እርጥበቱ ፈንገስ ይጋብዛል። ቁስል ያለበትን ወይም በድንገት አብጦ የሞቀን እግር ፈጽሞ አያሹ፣ ለወጌሻም አይስጡ። የደነዘዘ እግር በከሰል ምድጃ ዳር ወይም በሙቅ ውኃ ውስጥ መቃጠሉን አይናገርም።

ውዱእ በዚህ ረገድ ትልቅ ዕድል ነው። እግሩን በቀን ብዙ ጊዜ የሚያጥብ ሰው ለመመልከትም ጊዜ አለው። ውኃው ሞቅ ያለ ከሆነ በክርንዎ ይለኩት፤ እጅዎም ከደነዘዘ የቤተሰብ ሰው ይለካልዎ። ከታጠቡ በኋላ የጣቶችዎን መካከል ያድርቁ፣ ውስጥ እግርዎን በመስታወት ይዩ። በኹፍ ላይ የሚያብሱም ቢሆኑ ማታ አውልቀው ይመልከቱ። ወደ ውዱእ ማድረጊያው በባዶ እግር አይሂዱ፤ ጫማዎንም ከማጥለቅዎ በፊት ውስጡን በእጅዎ ይዳስሱ። ቁስል ካለ ስለ ማርጠቡ ሐኪም፣ ስለ ተየሙም ደግሞ ዓሊም ይጠይቁ።

ከሁሉ በላይ የሚሠራው ግን የደም ስኳርን መቆጣጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ይፋ በሆነ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት፣ ዓይነት 1 ስኳር ካለባቸው መካከል ስኳራቸውን በጥብቅ የተቆጣጠሩት የነርቭ ጉዳታቸው በ60 በመቶ ቀንሷል። በዓይነት 2 ጥቅሙ አነስ ያለ ቢሆንም አለ። በሳምንት አምስት ቀን ለ30 ደቂቃ በተዘጋ ምቹ ጫማ መራመድ ይረዳል። ሲጋራ የሚያጨስ ያቁም። ረመዳንን ለመጾም ያሰበ የስኳር ሕመምተኛ ከወር ወይም ከሁለት ወር በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት መስተካከል ይኖርበት ይሆናል።

ሕመሙ እንቅልፍ ከነሳዎት የነርቭን ሕመም የሚያስታግሱ መድኃኒቶች ስላሉ ሐኪምዎን ይጠይቁ። መደንዘዙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከእግር ወደ ላይ ከወጣና ጉልበት ከከዳዎት ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ይሂዱ።