ምልክትንና ምክንያትን ለይቶ መጻፍ

ባለፈው ምዕራፍ ገላጭ ድርሰት ምን እንደ ሆነ ተመልክታችኋል። በዚህ ምዕራፍ የምታጠኑት ከገላጭ ድርሰት ዐይነቶች አንዱን፣ ይኸውም የአንድን ዕቃ ብልሽት የሚያስረዳውን ነው። ይህን ዐይነት ድርሰት የሚጽፍ ሰው ያየውንና የገመተውን መለየት አለበት። ያየው ነገር ምልክት ይባላል፤ ምልክቱን አመጣው ብሎ የሚገምተው ነገር ደግሞ ምክንያት ይባላል።

ለምሳሌነት የተመረጠው የአሮጌ አውቶሞቢል መሪ ነው። መኪና የሌለው ተማሪ «ይህ ለእኔ ምኔ ነው?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ከሐሙሲት ወደ ወረታ ወይም ወደ ባሕር ዳር በመኪና ተሳፍሮ የማያውቅ ከመካከላችሁ ጥቂት ነው። ሹፌሩ ስለ መሪው ለመካኒኩ የሚናገረው ቃል የተስተካከለ መሆኑና አለመሆኑ የተሳፋሪውን ሕይወት ጭምር የሚነካ ጉዳይ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ምንባብ

የአሮጌ አውቶሞቢል መሪ

ሞተር መኪና ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የመኪናው ቁጥር እጅግ ቢጨምርም በአገራችን ከሚነዱት የቤት አውቶሞቢሎች ብዙዎቹ በሌላ አገር ካገለገሉ በኋላ የመጡ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ወደ አገር ማስገባትን ውድ ስላደረገው፣ ቀድሞ የገባው መኪና እየተጠገነ ብዙ ዘመን እንዲያገለግል ይደረጋል። አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ፣ ላዳ ወይም ፔዦ 504 በመንገድ ላይ ስናይ የምናየው የሠሪውን ፋብሪካ ሥራ ብቻ ሳይሆን የብዙ መካኒኮችን እጅ ጭምር ነው።

ሹፌሩ መሪውን ሲያዞር ዙረቱ በመሪው ዘንግ በኩል ወርዶ ከጥርሶች ላይ ይደርሳል። የጥርሶቹ ሥራ የክብ ዙረትን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንቅስቃሴ መለወጥ ነው። በላዳ ውስጥ ይህ ሥራ የሚከናወነው ዘይት በያዘ የመሪ ሣጥን ሲሆን፣ በፔዦ 504 ግን ጥርስ በተቀረጸበት አግዳሚ ብረት ነው። ከዚያ የሚቀጥሉት ዘንጎች እንቅስቃሴውን ለሁለቱ የፊት ጎማዎች ያደርሳሉ። የዘንጎቹ ጫፍ እንደ ሰው የዳሌ አጥንት መጋጠሚያ ነው፤ ኳስ የሚመስል ብረት በስኒ መሰል ማቀፊያ ውስጥ በግራሶ ተለውሶ ይዞራል። ጎማው በጉድጓድ ላይ ሲዘልና ሲወርድ መሪው ከጎማው ጋር ያለውን ግንኙነት ሳያቋርጥ የሚቆየው በእነዚህ መጋጠሚያዎች ነው።

በኩርባ ላይ የውስጠኛው ጎማ ከውጪኛው ባነሰ ክብ ላይ ስለሚሄድ ይበልጥ መታጠፍ አለበት። ይህን የሚያስችለውን የዘንጎች አቀማመጥ የፈለሰፈው ጌኦርግ ላንከንስፐርገር የተባለ የሙኒክ ሠረገላ ሠሪ ነበር። በእንግሊዝ አገር የፈጠራ መብቱን በ1818 እ.ኤ.አ. ያስመዘገበለት ወኪሉ ሩዶልፍ አከርማን ሲሆን፣ አቀማመጡ እስከ ዛሬ የሚጠራው በወኪሉ ስም ነው። ፈልሳፊው ስሙን ለማስጠራት አልታደለም።

የመሪ ብልሽት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በመላላት ነው። ሹፌሩ መሪውን ጥቂት ያዞራል፤ ጎማው ግን አይንቀሳቀስም። ጥርሶቹ ሲበሉ ወይም የዘንጎቹ መጋጠሚያ ሲያልቅ በመካከል ባዶ ቦታ ይፈጠራል፤ መሪው መጀመሪያ የሚያልፈው ይህን ባዶ ቦታ ነው። መላላቱ በአንድ ቀን የሚመጣ አይደለም። በየወሩ ጥቂት በጥቂት ስለሚጨምር የሹፌሩ እጅ ከብልሽቱ ጋር አብሮ ያረጃል። ስለዚህ ብልሽቱን ቀድሞ የሚያውቀው ያን መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ የነዳው ሌላ ሰው ነው።

መላላቱን ለመመርመር የፊት ጎማዎቹን ቀጥ አድርጎ መኪናውን ማቆም ይገባል። አንድ ሰው መሪውን በዝግታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያዞር ሌላው ጎማውን ይመለከታል። ጎማው ከመንቀሳቀሱ በፊት የመሪው ክብ ጠርዝ ከ3 ሳንቲ ሜትር ያህል በላይ ከሄደ መጋጠሚያዎቹ መፈተሽ አለባቸው። ፓወር ስቲሪንግ ባለው መኪና ይህ ምርመራ የሚደረገው ሞተሩ ተነሥቶ ነው።

ከሐሙሲት ወደ ሰሜን የሚሄደው መንገድ የጉማራን ወንዝ ተሻግሮ በፎገራ ሜዳ ያልፋል። በዚህ ሜዳማ መንገድ ላይ የላላ መሪ ያለው መኪና ጥቂት ቢያወላውልም ሹፌሩ እያቃና ይነዳዋል። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ ግን ከ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሹፌሩ ይህን መንገድ ሲወርድ በየኩርባው የሚያባክነው ጊዜ አይኖረውም። የዘንጉ መጋጠሚያ በጣም አልቆ ኳሱ ከማቀፊያው የወጣ እንደ ሆነ አንደኛው ጎማ ከመሪው ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል፤ ያን ጊዜ የሹፌሩ ችሎታ ብዙ አይረዳም።

ሁለተኛው ብልሽት ወደ አንድ ወገን መሳብ ነው። መካኒክን በብዛት የሚያሳስተውም ይህ ነው፤ ምክንያቱም መሳብ የሚሰማው በመሪው ላይ ሲሆን ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ከመሪው ውጭ ነው። የአንዱ የፊት ጎማ ነፋስ ሲያንስ መኪናው ነፋሱ ወዳነሰበት ወገን ይስባል። ነፋሱ ልክ ሆኖ ሳለ የሚስብ ከሆነ የቀኙን የፊት ጎማ ከግራው ጋር ማቀያየር ጥሩ ምርመራ ነው። መሳቡ ወገን ከለወጠ ጥፋቱ በጎማው ውስጥ ነው፤ ካልለወጠ የጎማዎቹን አቅጣጫ በአላይመንት ማስለካት ይገባል። መኪናው የሚስበው ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ ግን ዘንጎቹን መፍታት ገንዘብ ማባከን ነው። እንዲህ ያለው መኪና ወደ ቀኝ ሲስብ ብዙ ጊዜ ደካማው የግራው ፍሬን ነው፤ የቀኙ ሥራውን ሲሠራ የግራው ስለሚዘገይ መኪናው ወደ ቀኝ ይዞራል። መንገዱም ቢሆን የራሱ ድርሻ አለው። አስፋልት የዝናብ ውሃ እንዲወርድበት ከመካከሉ ከፍ ተደርጎ ስለሚሠራ፣ በቀኝ በኩል የሚሄድ ደኅና መኪና እንኳ መሪው ሲለቀቅ ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ማዘንበሉ ብልሽት አይባልም።

መንቀጥቀጥ ሦስተኛው ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲነዳ የሚጀምርና ፍጥነት ሲቀነስ የሚጠፋ መንቀጥቀጥ ብዙውን ጊዜ ጎማው ባላንስ አለመሆኑን ያመለክታል። በክረምት በፎገራ ጥቁር አፈር ላይ የሄደ መኪና በቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ጭቃ ይዞ ይመጣል። ጭቃው ሲደርቅ በአንድ ወገን ተጣብቆ ስለሚቀር ጎማውን ያከብደዋል፤ መሪውም ይንቀጠቀጣል። የዚህ መድኃኒቱ ውሃና እንጨት ሆኖ ሳለ ባለመኪናው አዲስ የመሪ ዘንግ ሊገዛ ይችላል። በዝግታም ሆነ በፍጥነት የማይጠፋ መንቀጥቀጥ ግን የተጣመመ ቸርኬ ወይም ያለቀ መጋጠሚያ መኖሩን ያሳያል።

ስለ መክበድ የሚነገረው አጭር ነው። የጎማ ነፋስ ማነስ ወይም የመጋጠሚያ ግራሶ መድረቅ መሪን ያከብዳል። ፓወር ስቲሪንግ ባለው መኪና የዘይቱ መጠንና የቺንጊያው ውጥረት አስቀድሞ ይታያል፤ መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር የሚሰማው ጩኸት ብዙ ጊዜ የላላ ቺንጊያ ድምፅ ነው።

ስለ ቃላት

በምንባቡ ውስጥ «መሪ» የሚለው ስም የተገኘው «መራ» ከሚለው ግስ ነው። ብዙ የመሣሪያ ስሞች በ«መ» ወይም በ«ማ» እንደሚጀምሩ ታውቃላችሁ፤ ለምሳሌ መጥረጊያ፣ መክፈቻ፣ ማጥፊያ። በዚህ የተነሣ በ«መሪ» መነሻ ላይ ያለው «መ» የመሣሪያ ስም ምልክት ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን ይህ «መ» የግሱ ሥር ፊደል ነው። «መሪ» እንደ «ነጂ»ና እንደ «ሠሪ» የአድራጊ ስም ነው። ሕዝቡ ዕቃውን የሚመራ ሰው አስመስሎ ጠራው፤ የጋራዥ ቋንቋም ሳይለውጠው ያዘው።

ግራሶ፣ ቺንጊያና ጎሚኒን የመሳሰሉት ቃላት የመጡት ከጣልያንኛ ነው። አንዳንድ ጸሐፊዎች እነዚህን ሁሉ በአዲስ የአማርኛ ቃል መተካት ይወዳሉ። ለመካኒክ በሚጻፍ ማስታወሻ ግን መካኒኩ የማያውቀው ንጹሕ ቃል ከሚያውቀው የውጭ ቃል ያነሰ ጥቅም አለው።

ሰዋስው

ሀ. ጊዜንና ምክንያትን የሚያሳዩ መነሻዎች

የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

1. ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ ቀኝ ይስባል።
2. ፍሬኑ ስለሚይዝ መኪናው ወደ ቀኝ ይስባል።

በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር «ሲ» ጊዜን ያሳያል፤ ግሱም ተደራጊ ነው። ተናጋሪው ያየውን ብቻ ተናገረ። በሁለተኛው «ስለሚ» ምክንያትን ያሳያል፤ ግሱም አድራጊ ነው። ተናጋሪው ከማየት አልፎ ፈረደ። ሁለተኛውን የሰማ መካኒክ፣ ሹፌሩ ሳይረግጠው የሚይዝ ፍሬን ይፈልጋል፤ የመጀመሪያውን የሰማ ግን ሲረገጥ የሚዘገየውን ይፈልጋል። ሁለቱ የተለያዩ ብልሽቶች ናቸው።

«በኋላ» የሚለው ቃልም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ጎማው ከተቀየረ በኋላ መሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ» የሚል ሰው የነገሮቹን ቅደም ተከተል ተናገረ እንጂ ጎማውን አልከሰሰም። «ጎማው በመቀየሩ ምክንያት» ካለ ግን ከሷል፤ ስለዚህ ማስረጃ ይጠየቃል።

ለ. በ«ተን» እና በ«አን» የሚጀምሩ ግሶች

ተንቀጠቀጠ፣ ተንገጫገጨ፣ ተንገዳገደ፣ ተንሸራተተ የሚሉት ግሶች ድርጊቱ በራሱ በባለቤቱ ላይ መድረሱን ያሳያሉ። «ተን» በ«አን» ሲለወጥ ድርጊቱ ወደ ሌላ ይሻገራል፤ አንቀጠቀጠ፣ አንገጫገጨ፣ አንገዳገደ፣ አንሸራተተ ይሆናል። በዚህ ትርጉማቸው ያለ«ተን» ወይም ያለ«አን» አይነገሩም። «ጎማው መሪውን ያንቀጠቅጠዋል» እና «መሪው ይንቀጠቀጣል» በሚሉት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ ምክንያቱ የቱ፣ ምልክቱ የቱ እንደ ሆነ ልብ በሉ።

ድርሰት

አንድ ሽማግሌ ባለመኪና ጋራዥ ገብተው ከወጣቱ መካኒክ ጋር እንዲህ ተነጋገሩ እንበል።

— ጋሼ፣ መኪናው ምን ሆነብዎ?
— መሪው ተበላሽቷል፣ ልጄ። እስቲ እየው።
— ይስባል ወይስ ይንቀጠቀጣል?
— ይስባል እንጂ።
— ሁልጊዜ ነው ወይስ ፍሬን ሲይዙ?
— ፍሬን ስይዝ ነው። ወደ ቀኝ ይወስደኛል።
— እንግዲያው ከግራው ፍሬን እንጀምር።

መካኒኩ ጠያቂ ባይሆን ኖሮ ሥራው የሚጀምረው «መሪው ተበላሽቷል» ከሚለው ዐረፍተ ነገር ነበር። ያ ዐረፍተ ነገር በሰዋስው ረገድ ምንም ጉድለት የለበትም፤ ባለቤትና ማሰሪያ አንቀጽ አለው። ነገር ግን በአራቱም ብልሽቶች ላይ እኩል ስለሚነገር ከአራቱ አንዱንም አይገልጽም።

ባለመኪናው ራሳቸው ጋራዥ መሄድ ባይችሉና መኪናውን በሌላ ሰው ቢልኩ ማስታወሻው እንደሚከተለው ሊጻፍ ይችላል።

«ይህ መኪና በሜዳ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ፍሬን ሲያዝ ግን መሪው ወደ ቀኝ ይስባል። መሳቡን ያወቅሁት ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ከደብረ ታቦር ስወርድ ነው። የሁለቱም የፊት ጎማዎች ነፋስ ትናንት ተለክቶ እኩል ሆኖ ተገኝቷል። መንቀጥቀጥም ሆነ ድምፅ የለውም። ጥፋቱ ከፍሬኑ ሊሆን ይችላል ብዬ እገምታለሁ፤ ቢሆንም መጋጠሚያዎቹም እንዲታዩልኝ እፈልጋለሁ።»

ጸሐፊው ምልክቱን ካስቀደሙ በኋላ መቼና የት እንደ ታየ ገለጹ። የሌለውን ምልክት መጥቀሳቸውም ጠቃሚ ነው፤ «መንቀጥቀጥም ሆነ ድምፅ የለውም» የሚለው ዐረፍተ ነገር መካኒኩን ከግማሽ ቀን ፍለጋ ያድነዋል። ግምታቸውን በመጨረሻ አኖሩት፤ ግምት መሆኑንም አልሸሸጉም።

መልመጃ

1. ከሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች ምልክትን የሚናገሩትንና ምክንያትን የሚናገሩትን ለዩ።
ሀ. መሪው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ላይ ይንቀጠቀጣል።
ለ. ግራሶው ስለ ደረቀ መሪው ከበደ።
ሐ. የፊት ጎማው በአንድ ጠርዙ ብቻ ተበልቷል።
መ. ቺንጊያው በመላላቱ መኪናው ይጮኻል።

2. በምንባቡ ውስጥ «ሲ» እና «ስለሚ» የገቡባቸውን ሦስት ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ፈልጋችሁ ጻፉ። «ሲ»ን በ«ስለሚ» ብትለውጡ ትርጉሙ የሚዛባው በየትኞቹ ነው?

3. ተንኳኳ፣ ተንገዳገደና ተንገጫገጨ የሚሉትን ግሶች በ«አን» እየለወጣችሁ በዐረፍተ ነገር አግቡ።

4. በአካባቢያችሁ ካለ የወፍጮ ቤት፣ የመስኖ ውሃ መሳቢያ ሞተር፣ ባጃጅ ወይም ብስክሌት አንዱን ምረጡ። ባለቤቱን ወይም ሠራተኛውን ጠይቃችሁ ባለፈው ዓመት የደረሰበትን አንድ ብልሽት የሚገልጽ የሁለት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ምልክቱን ብቻ፣ በሁለተኛው ምክንያቱንና ምክንያቱ የታወቀበትን መንገድ ግለጹ። ከዚያም ደብተራችሁን ከጎረቤታችሁ ጋር ተለዋወጡና በመጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ ሾልኮ የገባ ግምት ካለ አስምሩበት።